የቀለብላቦች ቤት

ኤድመንተን፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ያፌት ሦስተኛ ጓንቱን ዛሬም የትም ረሳ።
ቀዩን በኅዳር፣ ሰማያዊውን በገና ሰሞን፣
አሁን ደግሞ አረንጓዴውን።
«የት ጣልከው?» አልኩት፤ ጣራ ጣራ አየና
ስለ ዓሣ ነባሪ ልብ ያወራኝ ጀመረ እንደገና፤
መኪና ያክላል አለኝ።

ከቦርሳው ወለል፣ ከጠቆረ የሙዝ ልጣጭ ሥር
የመምህርቷ ደብዳቤ ወጣ፦ «ልጅዎ ብሩህ ነው፣ ግን...»
ከዚያ «ግን» ኋላ የሚመጣውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
ጅማ ሳለሁ፣ በዚያው «ግን» ስንቴ ተቆንጥጫለሁ።
ቀለብላባ። ልበ ቢስ። እግሯ ቀድሟት የሚሄድ።

ሐኪሟ ቅጽ ሰጠችኝ። «ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»
የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል? ሁልጊዜ።
ሲናገሩት ያልሰማ ይመስላል? ብዙ ጊዜ።
ዕቃ ይጥላል? ሰው ሳይጨርስ ይመልሳል?
ሰባተኛው ላይ እጄ ቀጥ አለ፤ ስለ ማን ነው የምሞላው?
የመለሰኝ ሽታው ነው፤ የጣድኩት ሩዝ አርሯል፣
እርሳሱ ግን ገና እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሟል።

እህቴ ከቶሮንቶ ደወለች፦ «ልጁን በኪኒን አታፍዝዢው፤
ቆጣ በይበት፣ ኳስ ይጫወት። ሲያድግ ይተወዋል።»
ሲያድግ ይተወዋል?
አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።
እኔን መቼ ተወኝ?

የመጀመሪያው ሳምንት ከፋ። ምሳውን እንደያዘ ይመለሳል፤
ሳሎን ጥግ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ዝም ይላል፤
ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በረባ ባልረባው ያለቅሳል።
ተመለስን። ሐኪሟ ልቡን አዳመጠች፣ መዘነችው፤
«ልጁን እንዲያጠፋብን አይደለም» አለችና መጠኑን ቀነሰችው።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ የጫማውን ክር አሰረ፣
የሁለቱንም እግር። ከዚያ ወሬ ጀመረ፣
ስለዚያው ዓሣ ነባሪ፤ ዛሬ ግን መጨረሻ ነበረው።
መሐል መንገድ ላይ የጠፋሁት እኔ ነኝ።
«እማዬ፣ ሰማሽኝ?»
«ድገምልኝ» አልኩት።

የራሴን ብልቃጥ የተቀበልኩት ያን ጊዜ ነው።
ብርሃን አልወረደም። ተአምር አልታየም።
ብቻ የፍሪጁን እርር እርር ሰማሁ፤ ለካ ሌላ ድምፅ የለም!
አርባ ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸውን ሬዲዮ፣
ዐሥር ጣቢያ ባንዴ፣
አንድ ሰው ቀነሰልኝ።
የመብራቱን ሂሳብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤
ከዚያ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣
ስለ መብራቱ አይደለም፤
በግማሽ ስለቀረው ኮሌጅ፣ ስለ ሰባቱ መሥሪያ ቤት፣
«ሰነፍ» የሚል ስም አምኜ ስለተሸከምኩት።

አባቴ ሽመክት ሰባ አራቱ ነው፤ የልቡ ሥር ላይ ሽቦ ገብቶለታል፤
ለእሱ ኪኒኑ አይሆንም አሉ።
ክንዱ ላይ የሚጮኽ ሰዓት፣ በሩ ላይ ወረቀት፦ «ቁልፍ። መነጽር። ጥርስ።»
«እኔኮ እርግማን ይመስለኝ ነበር» አለ፤ «ስም አለው ለካ!»
ሳቀ፤ አምፖል ሊያጠፋ ምድር ቤት ወረደ፤
የፈታውን ብስክሌት ሲነካካ አመሸ፤
አምፖሉ እንደበራ ነጋ።

እኔም ብሆን ያው ነኝ። ፋርማሲስቱ ይደውላል፦
«ኪኒንሽን ሳትወስጂ ሁለት ሳምንት አለፈ።»
የመርሳትን መድኃኒት ረስቼ!
እንስቃለን፤ እሱም እዚያ ማዶ ሲስቅ ይሰማኛል።

ሚያዝያ ሲጋመስ በረዶው ከግቢው ሸሸ።
ከአጥሩ ሥር ቀዩ፣ ከደረጃው ጎን አረንጓዴው፣
በጭቃ የተለወሱ፣ አምስት ጓንት፣
ሁለቱ እንኳ የማይጣመሩ።
ያፌት አጥቦ ገመድ ላይ ሰቀላቸው፤
አባቴ ቆጠራቸው፤ ጠፋበት፤ እንደገና ቆጠራቸው።
አንዱ፣ ግራጫው፣ የትልቅ ሰው ነው።
የኔ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት።